ፀሐይና ቡና በጅማ አገር
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በአጋሮ፥ በሊሙና በጌራ መንደሮች ጀንፈሉ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ የሚደርቀው ያለ አንዲት ጠብታ ነዳጅ ነው። ያችው ፀሐይ ማታ መብራት ትሆነን ዘንድ ምን ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው የፀሐይ ኤሌክትሪክ ከሙቀት የሚገኝ ይመስለዋል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ከብርሃን ነው። ሰሌዳው የተሠራው ከአሸዋ ከሚነጠር ሲሊኮን ነው። በአንዱ ፊቱ ጥቂት ፎስፎረስ፥ በሌላው ጥቂት ቦሮን ይጨመርበታል፤ በሁለቱ መጋጠሚያም ኤሌክትሮንን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚገፋ ኃይል ይፈጠራል። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይላቀቁና በሽቦው ዞረው ይመለሳሉ፤ ኤሌክትሪኩ ይኸው ነው። የሚሽከረከር ዲናሞ የለም። ሙቀትማ እንዲያውም ጉልበቱን ይቀንሰዋልና የጅማ ወይና ደጋ ይስማማዋል።

እንግዲህ እናስላ። እኩለ ቀን ላይ ጥርት ያለ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል ታወርዳለች፤ ሰሌዳው አንድ አምስተኛውን ይይዛል። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ሰሌዳ 20 ኪሎዋት ነው፤ በደህና ቀን 80 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ለ200 ቤት ሲካፈል ለየቤቱ 400 ዋት ሰዓት ይደርሰዋል። ለአምፖል፥ ለሬዲዮና ለስልክ ይበቃል፤ ለእንጀራ ምጣድ ግን አይበቃም። ይህን ሳይነግር ሰሌዳ የሚሸጥ ሰው እናቶቻችንን ያሳዝናል።

«ግልገል ጊቤ በደጃችን እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግልገል ጊቤ አንድ ብቻውን 184 ሜጋዋት ማመንጨት ይችላል። ነገር ግን በየኮረብታው ማዶ ለተበተኑ ቤቶች ምሰሶ እየተከሉ ሽቦ መዘርጋት ውድ ነውና፥ ዛሬም በኩራዝ የሚያመሹ መንደሮች አሉ።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልንገራችሁ። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካል፥ ዋጋውም ይወድቃል። በልጅነቴ አንድ ማታ የመፈልፈያው መኪና ናፍጣ አልቆበት፥ አባቴ የለቀመው ሁሉ በጆንያ ሲያድር አይቻለሁ። ለቃሚ ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ውሎ ቡናውን የሚያደርሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ስለዚህ ለቡና መንደር ቁም ነገሩ ከሰሌዳው ይልቅ ባትሪው ነው፤ ከሰሌዳውም ቀድሞ የሚያረጀው እርሱ ነው። ደግነቱ የለቀማው ወራት፥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፥ ሰማዩ የሚጠራበት ነው። ክረምት ግን ሌላ ነው፤ ዳመናው ምርቱን ይቀንሳል።

የዘንድሮውን የክረምት ብርሃን በግቢያችን ጣራ ላይ በየቀኑ ለመመዝገብ አስበናል። ጠዋት ተነሥቶ ለማንበብ የሚፈቅድ ጓደኛ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ።