ከኅብረት መውጣትና የቁጥር ክርክር
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



የብሪታንያ ሕዝብ በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 23 ቀን 2016 ድምፅ ሲሰጥ፥ ከመቶ 52ቱ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ፥ 48ቱ እንቅር አሉ። መንግሥቱም በ2020 ወጣ።

ከድምፁ በፊት እንውጣ ባዮች በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለኅብረቱ እንልካለን ብለው በቀይ አውቶቡስ ላይ ጽፈው አገሩን ዞሩ። ቁጥሩ ግን ለብሪታንያ የሚቀርላትን ቅናሽ ስላልቀነሰ፥ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣኑ አሳሳች ነው ሲል ነቀፈው። የገንዘብ ሚኒስቴሩ በበኩሉ፥ እንውጣ ካላችሁ ንግድ ወዲያው ይቀዘቅዛል፥ 500 ሺህ ያህል ሰውም ሥራ ያጣል ብሎ አስፈራራ። ፓውንዱ በርግጥ በአንድ ሌሊት ረከሰ፤ ሥራ ፈት ግን አልበዛም። እንውጣ ባዮችም ይህን እያነሡ ይሳለቃሉ።

እኔ ግን መሳለቁ አልታየኝም። ጉዳት ሁሉ እንደ ጎርፍ አይመጣም፤ እንደ ነቀዝ ቀስ ብሎ የሚበላም አለ። ስለ መንግሥት በጀት ትንበያ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት፥ ምርታማነቱ በኅብረቱ ውስጥ ቢቀሩ ከሚሆነው ውሎ አድሮ በ4 ከመቶ ያንሳል ብሎ ገምቷል። ከ2021 ጀምሮ ወደ ኅብረቱ ሥጋ የሚልክ ነጋዴ የጉምሩክ ወረቀትና የእንስሳት ሐኪም ምስክር ማቅረብ ግዴታ ሆነበት። ትልቁ ኩባንያ ለዚህ ጸሐፊ ይቀጥራል፤ ትንሹ ነጋዴስ?

ክርክሩ የማያልቀው፥ ሳትወጣ የቀረች ብሪታንያ ለማመዛዘኛ ስለሌለች ነው። ኮሮናም በዚያው በ2020 ስለ መጣ፥ የበሽታውን ኪሳራ ከመውጣቱ ኪሳራ መለየት አስቸገረ። ብንከስርም በራሳችን ሕግ እንተዳደር የሚሉም አሉ፤ እነዚህ ዋጋውን ሳይደብቁ ስለሚናገሩ፥ ከአውቶቡሱ ጽሕፈት ይልቅ የእነርሱን ክርክር አከብራለሁ።