«እሺ» ከማለቷ በፊት

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት አሜሪካዊት የፊልም ተዋናይት ነው። «ይህ ደግሞ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፣ እደርስበታለሁ።

ተዋናይቷ ዜንዴያ ትባላለች። ብዙዎቻችሁ «ስፓይደርማን» ላይ ኤም ጄን ሆና አይታችኋታል። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1996 በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ነው። ወላጆቿ አስተማሪዎች ነበሩ። እናቷ ትምህርት ሲዘጋ ቲያትር ቤት ትሠራ ስለነበር፣ ልጅቷም ተመልካች ወንበር እያስያዘችና ትኬት እየሸጠች የሼክስፒርን ተውኔቶች ስታይ አደገች።

በ2010 በዲዝኒ ቻናል «ሼክ ኢት አፕ» በተባለ ተከታታይ ፊልም ላይ ዳንሰኛ ልጅ ሆና ስትጀምር ገና 14 ዓመቷ ነበር። ፊልሙ በ2013 አበቃ። ጣቢያው ለሌላ ሥራ ሲፈልጋት ግን ዝም ብላ እሺ አላለችም። ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። አንደኛ፣ ከመተወን ሌላ ፕሮዲዩሰርም ልሁን አለች። ሁለተኛ፣ ለገፀ ባሕርይዋ የተሰጠው ስም እኔን አይመስልም፣ ይቀየር አለች። ሦስተኛ፣ ልጅቷ ዘፋኝ ወይም ዳንሰኛ አትሁን፣ ሴት ልጅ ሌላም ነገር መሆን ትችላለች አለች። «ኬ ሲ አንደርከቨር» በ2015 ሲጀምር ዋናዋ ገፀ ባሕርይ ሒሳብ የምትችል ሰላይ ነበረች። ዜንዴያም በ18 ዓመቷ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዷ ሆነች።

እስቲ አስቡት። ከፊቷ የነበረው ትልቅ ድርጅት ነው። «ሥራው ቢያመልጠኝስ?» ብላ ዝም ማለት ትችል ነበር። እሷ ግን የምትፈልገውን ተናገረች፤ የተናገረችውም ከመፈረሟ በፊት ነው። ከፈረሙ በኋላማ ምን ዋጋ አለው!

የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። በዕድሜ የሚበልጠን ሰው ሞባይል ገዝቶ ሲሰጠን፣ ጓደኛችን «አንድ ጊዜ ብትሞክር ምን አለበት?» ሲለን፣ ፍቅረኛ «ካመንሽኝ ኮንዶም ምን ያደርጋል?» ሲል፣ የቀረበልን ውል ነው። መልሱን እዚያው በጭንቅ ሰዓት መፈለግ ይከብዳል። ቀድመን እናስብበት፦ ጊዜው እስኪደርስ እቆያለሁ፤ ያለ ኮንዶም አይሆንም፤ መጀመሪያ አብረን እንመርመር። ይህን ሰምቶ የሚሸሽ ካለ፣ በቃ፣ ይሂድ! ተገዶ የተደፈረ ሰው ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሳይውል ሳያድር፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ቫይረሱ እንዳይዘው የሚከላከል መድኃኒት ሊጀምር ይችላል።

ወደ ዜንዴያ ልመለስ። በ2019 በጀመረው «ዩፎሪያ» ላይ ሩ የተባለች፣ የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የያዛት ወጣት ሆና ተጫወተች። ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ለአዋቂዎች የተሠራ መሆኑን ራሷ በኢንስታግራም ገጿ አስጠንቅቃ ነበር። በ2020 በዚህ ሥራዋ የኤሚ ሽልማት አገኘች፤ በ24 ዓመቷ በድራማ ዋና ተዋናይት ዘርፍ እስከዚያ ጊዜ ካሸነፉት ሁሉ ትንሿ ነበረች። በ2022 ደገመችው።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። የሩ ሱስ ድርሰት ነው። ካሜራው ሲቆም ተዋናይቷ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በእውነተኛው ሕይወት «እንደገና እንቅረፀው» የሚባል ነገር የለም። በመጠጥ ወይም በሐሺሽ የደነዘዘ ሰው ያስቀመጠውን ቅድመ ሁኔታ ይረሳል፣ ኮንዶሙንም ይረሳል። በጋራ መርፌ የሚወጋ ደግሞ ለቫይረሱ በቀጥታ ይጋለጣል።

ዜንዴያ በ2024 «ቻሌንጀርስ» በተሰኘው ፊልም ላይ ዋና ተዋናይትም ፕሮዲዩሰርም ነበረች። በ18 ዓመቷ ጠይቃ ያገኘችውን ቦታ አልለቀቀችም ማለት ነው። እኛም አለባበሷንና ዝናዋን ብቻ አይተን አንለፍ።

ዛሬ ማታ ደብተራችሁ ጀርባ ላይ የየራሳችሁን ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች ጻፉ። ለማንም ማሳየት የለባችሁም። የሚጠይቃችሁ ሰው ሲመጣ መልሱ ከእናንተ ጋር ይኑር።