የኋላ ፍሬን እንዳይረሳ
(በንፋስ ስልክ ላፍቶ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያሰሙት ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳ የተለጠፈ)



ስለ መዋጮና ስለ ጥበቃ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ጉዳይ እንድናነሣ ፈቃዳችሁ ይሁን።

ባለፈው እሑድ በግቢያችን የሆነውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። አንድ አባላችን የኋላ ፍሬን ሸራ ሊቀይር መኪናውን በክሪክ አነሣ። ሸራው እንዲላቀቅለት የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ። ማርሹ ዜሮ ላይ ነበር፤ ከፊት ጎማ ሥርም ታኮ አልተደረገም። መኪናው ተንሸራቶ ከክሪኩ ወደቀ። ኳስ ሊያነሡ የመጡ ልጆች በአንድ ክንድ ርቀት ተረፉ። ተመስገን፣ የተጎዳ የለም።

ይህንን የምናነሣው አባላችንን ለመውቀስ አይደለም። እኛም አጠገቡ ቆመን ወሬ እያወራን ነበር። «ኧረ ድንጋይ አድርግበት!» ያለ አንድም ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። ስለዚህ ጥፋቱ የጋራችን ነው።

አንዳንድ አባላት «ከእንግዲህ በግቢ ውስጥ መኪና መሥራት ይከልከል» ብለዋል። እኛ ግን በዚህ አልተስማማንም። ኑሮ ተወዷል። የመካኒክ የእጅ ዋጋ ያቃተው ሰው ቢከለከል ባለቀ ሸራ መንዳቱን ነው የሚቀጥለው። ያ ደግሞ ከክሪኩ የባሰ ነው። ከተማችን ቁልቁለት ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወይም ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና የሚወርድ ሁሉ ሕይወቱን ለፍሬን ሰጥቶ ነው የሚወርደው።

መኪና ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል ብዙ ጊዜ የፊቱ ሸራ ቶሎ ያልቃል። የኋላው ስለሚቆይ ይረሳል። ነገር ግን የእጅ ፍሬን በአብዛኛው መኪና የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው። ዳገት ላይ አቁመነው የሄድነውን መኪና ይዞ የሚቆየው እሱ ነው።

በመሆኑም ሥራውን የሚያውቁ አባሎቻችንን ጠይቀን የሚከተለውን አዘጋጅተናል።

አንደኛ፣ ከኋላ ያለው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ነው። በሰፈራችን የሞላው ቪትዝ፣ የድሮው ኮሮላና ሚኒባሱ ሃይስ በአብዛኛው ከኋላ ታምቡር ነው፤ ዲስክ አይደለም። ታምቡር ውስጥ ሞላዎች ስላሉ ቦታቸው ከጠፋ መመለሱ ከባድ ነው። ከዚህ በፊት ያልሠራ ሰው ብቻውን ባይጀምረው ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ከነዚህም ፎልክስዋገን አይ ዲ 4 ከኋላ ታምቡር አለው። በቁልፍ የሚሠራ የእጅ ፍሬን ያላቸው ባለ ዲስክ መኪናዎች ደግሞ ሸራ ከመቀየሩ በፊት ፍሬኑን ወደ ጥገና ሁኔታ ማስገባት ይጠይቃሉ። አለበለዚያ የእጅ ፍሬኑ ሞተር ሊበላሽ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቦታው ሜዳ ይሁን። ከሁለቱም የፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግ። ማርሽ ይግባ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ ይሁን። ሃይስን የመሰለ በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና ግን ኋላው ከተነሣ ማርሹ አይዘውም፤ ተስፋው ታኮው ብቻ ነው። የጎማው ቡሎን መኪናው መሬት ላይ እያለ ይላላ። ከዚያ በክሪክ ተነሥቶ በብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጥ። የተፈታውንም ጎማ ከመኪናው ሥር አስተኙት። ክሪክ ማንሻ ነው፤ ማቆያ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የዲስክ ሸራ ሲቀየር አንዱ ጎን ሳያልቅ ሌላው አይፈታ፤ ግራ ሲገባን ያልተነካውን አይተን እንገጥማለን። ሸራ በግራና በቀኝ እኩል ይቀየራል፤ አንዱን ብቻ መቀየር መኪናውን ወደ አንድ ጎን ያስጎትተዋል። የሸራው ውፍረት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከወረደ ጊዜው ደርሷል። ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሰፈራችን ሱቅ ስንገዛ አሮጌውን ይዘን ሄደን እናስተያይ። ሸራውን የሚይዘው ካሊፐር ሲፈታ በጎማ ቱቦው አይንጠልጠል፤ በሽቦ ይታሰር። ፒስተኑን ወደ ኋላ ስንመልስ በብዙ መኪና የፊቱ በመግፋት ብቻ ይገባል። የእጅ ፍሬን የተያያዘበት የኋላው ግን ብዙ ጊዜ እየተጫነ እየተሽከረከረ ነው የሚገባው። በጉልበት የገፋው ሰው ይሰብረዋል። ፒስተኑ ሲመለስ የፍሬን ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ሞልቶ እንዳይፈስ እያየን ይሁን።

አራተኛ፣ አቧራው በአፍ አይነፋ፤ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ። በድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ አለ፤ ሳንባ ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። የፍሬን ዘይት መርዝ ነው፤ ቀለምም ይልጣል። በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ ልጅ በሚደርስበት ቦታ እንዳታስቀምጡ፣ አደራ።

አምስተኛ፣ ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሞተር ሳይነሣ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ ነው። ይህ ከተረሳ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይወርዳል፤ መኪናው አይቆምም። ከዚያ በዝግታ መንቀሳቀስና መያዙን መሞከር፣ ጥቂት ተነድቶም ቡሎኑን እንደገና ማጥበቅ ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ወይም ዘይት የሚፈስ ከሆነ ቁልፉን አስቀምጡና መካኒክ ጥሩ። መጥራት ነውር አይደለም።

በመጨረሻም ለውሳኔ የምናቀርበው ይህንን ነው፦ ማኅበሩ 2 የብረት መደገፊያና 4 ታኮ ገዝቶ በጥበቃ ቤት ያስቀምጥ፤ የሚፈልግ አባል በፊርማ ይውሰድ፤ ፍሬን የሚሠራ ሰው ብቻውን አይሥራ፣ ልጆችን የሚያርቅ አንድ ሰው አብሮት ይቁም። እኛም ቆመን የምናይ ከሆነ አፍ አለን፤ እንናገር። የመኪናው ባለቤት አንድ ሰው ነው፤ ከፊቱ መንገድ የሚሻገረው ግን የሁላችንም ልጅ ነው።