ሳንቲም የለመደ መኪና ካርድ ሲቀበል
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሁለተኛው በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ ያወጣል። ስለዚህ በከተማይቱ የሚወርድና የሚሳፈር አይታጣም። በዙሪያዋ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ጥንት በከብቱ፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሩዙ ስሙ የተጠራ ነው። እኔም ለሥራ ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ ከመናኸሪያው አጠገብ ከአንዲት ሻይ ሻጭ እናት ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ሴትዮዋ የስልክ ቁጥራቸውን በካርቶን ቁራጭ ላይ በትልቁ አስጽፈው ሰቅለዋል፤ በስልክ ክፍያ ይቀበላሉ ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ጠጣሁ። ልከፍል ብል ግን ባትሪው አልቆ ስልኬ ሞቶ ተገኘ። ኪሴን ብዳብስ የባንክ ካርዴና አንድ የሁለት መቶ ብር ኖት እንጂ ዝርዝር የለም፤ ለኖቱም የሚሆን መልስ እሳቸው ዘንድ አልነበረም። «ግድ የለም ወንድምዓለም፣ ሲመለሱ ይሰጡኛል» አሉኝ። ስመለስም ሰጠኋቸው።

ይህንን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬው ነገሬ ሳንቲም ሲያጎርሱት ውሃ ወይም ብስኩት የሚሰጠውን ትንሽ የመሸጫ መኪና በካርድና በስልክ ገንዘብ እንዲቀበል ስለ ማድረግ ነው። መኪናው በአገራችን ገና አልተለመደም፤ ነገር ግን መናኸሪያውም፣ ሆስፒታሉም፣ የመሥሪያ ቤታችን ኮሪደርም የሚፈልገው ነውና ሳይመጣ ብንነጋገርበት ይሻላል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሔሮን በቤተ ጣዖት የሚቆም አንድ ዕቃ በመጽሐፉ ገልጿል፤ የተጣለው ሳንቲም በምላስ መሰል ብረት ላይ ሲወድቅ መክፈቻው ይነሣና ጥቂት ውሃ ይፈስሳል፣ ሳንቲሙ ሲንሸራተት ይዘጋል። የዛሬው መኪና በዚህ ላይ የጨመረው አንዱ ነገር ምርመራ ነው፤ ሳንቲሙን በስፋቱ፣ በክብደቱና በብረቱ ዓይነት ይለየዋል። አያቶቻችንም የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ሲቀበሉ የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጥ ይቈጥሩ ነበርና መኪናው በዚህ ከነሱ አይበልጥም።

የኛ ችግር ሳንቲሙ ራሱ ነው። ስሙኒና ሽልንግ ከኪሳችን ጠፍተዋል። በ2002 ዓ.ም. የተቀረጸው የአንድ ብር ሳንቲም ይገኛል፤ ይሁን እንጂ አንድ ጠርሙስ ውሃ ለምሳሌ ሃያ ብር ቢሆን ገዢው ሃያውን አንድ በአንድ ሊያጎርስ ነው። ባለሱቅ እንኳ መልስ ሲያጣ ማስቲካ ይሰጠናል። ስለዚህ በኛ አገር መኪናው ካርድና ስልክ ካልተቀበለ ቆሞ የሚያይ ሣጥን ሆኖ መቅረቱ ነው። የስልኩ መንገድም ተጠርጓል፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲሸጥ ታዝዟል።

አሁን አንባቢዬ፣ ልብ እንድትልልኝ ወደምፈልገው ደረስሁ። ካርዱን ከመኪናው ጋር የሚያገናኙበት መንገድ ሁለት ነው። ያረጀው መኪና «ሳንቲም ወደቀ» ከሚል የኤሌክትሪክ ምልክት በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ስለዚህ የካርድ ማንበቢያው ሃያ ብር ከባንክ ካስቈረጠ በኋላ ሃያ ጊዜ እንደ ሳንቲም ሆኖ ያንኳኳለታል። ማታለል ነው፤ ግን ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ጉድለቱ መኪናው መልስ አለመስጠቱ ነው። ጠርሙሱ መንገድ ላይ ተሰንቅሮ ቢቀር ማንበቢያው አያውቅም፤ ገንዘቡም ሄዷል። በሁለተኛው መንገድ ግን ሁለቱ ይነጋገራሉ። መኪናው ዋጋውን ይናገራል፣ ማንበቢያው ፈቃድ ይጠይቃል፣ ዕቃው ይለቀቃል፤ ከታች ያለው የብርሃን ጨረር ዕቃው ማለፉን ካላየ መኪናው «አልወረደም» ይላል፣ ገንዘቡም ለባለቤቱ ይቀራል። ሳንቲም የተበላበት ሰው መኪናውን በጡጫ መትቶ ንዴቱን ይወጣ ነበር፤ ካርድ የተበላበት ሰው ማንን ይመታል?

የአገልግሎት ዋጋውም አለ። ለትልቅ ግዢ የማይሰማ ክፍያ ለአሥር ብር ሽያጭ ይከብዳል፤ ከያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ሃምሳ ሳንቲም ቢቈረጥ ባለመኪናው ወይ ዋጋ ይጨምራል ወይ መኪናውን ያነሣል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሳንቲም ይዞ የሚመጣው ሰው ነው። የሕዝብ ስልክን አስታውሱ። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር የቆመው ስልክ መጀመሪያ ሳንቲም ይጎርስ ነበር፤ ኋላ አስቀድሞ የተከፈለበት ካርድ የሚቀበል መጣ። ካርዱ የዝርዝርን ጣጣ አስቀረ፤ ሳንቲም ብቻ የያዘው ሰው ግን ከካርድ ስልኩ ፊት ቆሞ ቀረ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ጭቃ በሆነበት ክረምት ታማሚ ይዞ ወረታ የገባ ገበሬም በሆስፒታሉ ደጅ እንዲሁ ሊሆን ነው። ባለካርዱም ቢሆን ሁልጊዜ አይድንም፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንባቢ አይዘነጋውም። በዚያ ጊዜ በዚሁ መስመር ብቻ የሚሠራ መኪና ቢኖር ኖሮ ለባለካርዱም ለባለሳንቲሙም እኩል ዝም ባለ ነበር።

እናንተ በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ዕቃ በጨረታ ሲገዛ ሰነዱን የምታዘጋጁ፣ ደረሰኙንም የምትፈርሙ እናንተው ናችሁ። ካርድ ይቀበል፤ የሳንቲሙ ቀዳዳ ግን አይደፈን። ማንበቢያውም ከመኪናው ጋር የሚነጋገር ዓይነት ይሁን፤ የሻጩ ተወካይ «ሁለቱም አንድ ነው» ቢላችሁ በፊታችሁ ባዶ መደርደሪያ ላይ ካርድ አስነክታችሁ ገንዘቡ መመለሱን እዩ። በመኪናውም ፊት ሰው የሚያነሣው የስልክ ቁጥር ይጻፍ። ወረታ ላይ ቁጥሩ ከካርቶን በታች የተቀመጠ ሰው ነበረው።