ስለ ወንጀል ዜናና ስለ ማስታወቂያ የተደረገ ንግግር



ድሮ የወንጀል ወሬ «ፖሊስና እርምጃው» ከሚባለው ጋዜጣ እናነብ ነበር። ዛሬ በየስልካችን ነው፤ ከዜናው ሥር የሳሙናና የቆርቆሮ ማስታወቂያ ተደርድሯል። ተመልካች በበዛ ቁጥር የማስታወቂያው ገቢ ይጨምራል። ታዲያ ፈረስ ሰረቀ ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ ገና ፍርድ ቤት ሳይቀርብ «ሌባው» ተብሎ ይወጣል፤ «ተጠርጣሪ» ቢሉትማ ማን ይከፍተዋል!

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰን ሰው እንኳ፣ ፍርድ እስኪያገኝ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠር ይላል።

የእንጅባራ ነጋዴዎቻችን ሆይ፣ ብራችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ማስታወቂያው ከማን ስም አጠገብ እንደሚወጣ ጠይቁ። ልጁ ነፃ ሲባል ዜናውን የሚያወጣለት የለም፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ከፈቀደ ውሳኔው በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍለት፣ የምለው ይኸው ነው።