«ዘ ፐኒሸር» እና የሟች ቤተሰብ መብት

  

ወጣቶቻችን ከሚመለከቷቸው የአሜሪካ ፊልሞች አንዱ «ዘ ፐኒሸር» ነው፤ «ቀጪው» ማለት ነው። ገጸ ባሕሪው መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1974 በሥዕል በሚተረከው የ«ስፓይደርማን» መጽሔት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ፊልም ፍራንክ ካስል የተባለው መርማሪ ሚስቱና ልጁን ጨምሮ ቤተሰቡ በሙሉ ይጨፈጨፍበታል። ሕግ ዝም ሲል ራሱ ለበቀል ይነሳል።

ይህን ያየ ልጅ ከተበዳዩ ጎን ቢቆም አይፈረድበትም። በሱረቱል ኢስራእ 33ኛው አንቀጽ አላህ ያለ አግባብ ለተገደለ ሰው ወሊይ መብት ሰጥቶታል። ይኸው ወሊይ ግን በመግደል ወሰን እንዳያልፍ ተከልክሏል። ወላጆች ስለዚህ ፊልም ሲነሳ የሚፈሰውን ደም ይቆጥራሉ። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ካስል ጥይት ያልተኮሰበት ክፍል ነው።

የጠላቱ ሚስት ከባሏ የቅርብ ወዳጅ ጋር ዚና እንደፈጸመች የሚያስመስል የሐሰት ማስረጃ ያዘጋጃል። ጉትቻዋ በሰውየው አልጋ ላይ ይገኛል። ባልየው በቅናት ታውሮ ወዳጁን በስለት ይገድላል፤ ሚስቱን ከድልድይ ላይ ወደ ባቡር ሐዲድ ይወረውራታል። ካስል ነገሩ ሐሰት እንደነበረ የሚገልጥለት ከዚያ በኋላ ነው። ተመልካቹ እዚህ ላይ ደስ እንዲለው ነው የተፈለገው! እርግጥ ሴትየዋ በቤተሰቡ እልቂት እጇ አለበት፤ በዚያ ልትጠየቅ ይገባት ነበር። የሞተችው ግን ባልሠራችው ዚና ነው። ይህ በእኛ ዘንድ ቡህታን ይባላል፤ ንጽሕት ሴትን በዚና ወንጅሎ 4 ምስክር ያላቀረበ ሰው 80 ጅራፍ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) ከሚስቱ ጋር ሌላ ወንድ ያገኘ ሰው 4 ምስክር እስኪያመጣ ይታገስ እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው፣ መልሱ መታገስ እንዳለበት ነበር። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። በዓይኑ ያየ ባል እንኳ እንዲህ ከታዘዘ፣ በአንድ ጉትቻ የገደለው ምን ሊባል ነው? ቂሷስም ቢሆን ወሊዩ ይጠይቃል፣ ዲያ ይቀበላል ወይም ይቅር ይላል፤ ማስረጃውን መርምሮ መፍረድ የቃዲ ሥራ ነው። ቁርጡቢ በተፍሲራቸው ቂሷስን የሚያስፈጽመው ባለ ሥልጣን ብቻ ስለመሆኑ በዑለሞች መካከል ልዩነት እንደሌለ ጽፈዋል።

ልጅዎ «ሕግ ዝም ቢልስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አይቆጡት። የሚያዳሉ ዳኞች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በሽማግሌ የሚታረቅ ደም አለ፤ በወሎ አበጋሮች ይህን ሲሠሩ ኖረዋል። ሳይዳኝ የቀረ ደም ደግሞ አልተረሳም፤ በቂያማ ቀን በሰዎች መካከል መጀመሪያ ፍርድ የሚሰጥበት ጉዳይ ደም መሆኑን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።