ልጅሽ ከጭንሽ ሳይወርድ

(ለእናቶች በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)

ውድ እኅቴ ሆይ፣ ይህን ወረቀት በአንድ እጅሽ ይዘሽ በሌላው ሕፃን አቅፈሽ ይሆናል። ወይም ልጆቹ ተኝተውልሽ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ሊጡ ተቦክቶ፣ ገና አሁን ቁጭ ማለትሽ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ አላደክምሽም። ዛሬ የምነግርሽ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ለሕፃናት ስለሚዘጋጁ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ መጻሕፍትና መጽሐፉ ስለሚነበብበት ቦታ፣ ስለ ጭንሽ።

እስቲ መጀመሪያ አንዲትን እናት እናስብ። ዮካብድ ትባላለች፤ የሙሴ እናት ናት። ንጉሡ ወንድ ልጅ ሁሉ ወደ ወንዝ ይጣል ባለበት ዘመን ልጇን ሦስት ወር ሸሸገችው። መሸሸግ ሲያቅታት በሣጥን አድርጋ በወንዙ ዳር አኖረችው። የፈርዖን ልጅ አገኘችውና አሳደገችው። ግን የእግዚአብሔርን አሠራር ተመልከቺ፤ ሕፃኑ ተመልሶ ወደ ገዛ እናቱ ጡት መጣ፤ ለዚያውም በደመወዝ! (ዘጸ. 2፥1-10)።

ታዲያ ዮካብድ አንድ ነገር ታውቅ ነበር። ይህ ልጅ አንድ ቀን ከእጇ ይወጣል። ቤተ መንግሥት ይገባል፤ የግብፅን ጥበብ ሁሉ ይማራል፤ ሌላ ሴት “እናቴ” ይላል። እርስዋ እዚያ ገብታ ልትመክረው፣ ልትቆጣው፣ ልትጸልይለት አትችልም። ያላት ጊዜ ይህ የጭን ጊዜ ብቻ ነው። ሙሴ ግን ካደገ በኋላ የፈርዖን የልጅ ልጅ መባልን እምቢ ብሎ ከእግዚአብሔር ሕዝብ ጋር መከራ መቀበልን መረጠ (ዕብ. 11፥24-25)። እኔ ይህን ሳነብ የዚያች እናት ድምፅ ይሰማኛል። በጭን ላይ የተዘራው ዘር ቤተ መንግሥት ገብቶ አልሞተም።

እኅቴ ሆይ፣ አንቺም ዮካብድ ነሽ። ልጅሽ ነገ መዋዕለ ሕፃናት ይገባል። ከነገ ወዲያ የሰፈር ጓደኛ፣ ስልክ፣ ትምህርት ቤት፣ ከተማ ይወስደዋል። ከእናቶቻችንም መካከል ልጃቸውን ለአያት ትተው ለእንጀራ ሲሉ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። አንድ ቀን ልጅሽ አንቺ በማትደርሺበት ቦታ ይቆማል። ያን ቀን አብሮት የሚሄደው ምንድን ነው? ጥያቄዬ ይህ ነው።

ሁለት ምስክሮች

ሁለት ሰዎችን ላስመስክር። የመጀመሪያው ጆን ኒውተን ነው፤ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1725 ተወለደ። አባቱ የመርከብ አለቃ ስለነበረ ብዙውን ጊዜ ባሕር ላይ ነበር። እናቱ ኤልሳቤጥ ጤናዋ ደካማ፣ ጌታን የምትወድ ሴት ነበረች። ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ በአራት ዓመቱ ማንበብ አስቻለችው። የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን፣ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ የእምነት ትምህርትን፣ አይዛክ ዋትስ ለሕፃናት ያዘጋጃቸውን መዝሙሮች አስጠናችው። ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ሞተችበት።

ልጁ አደገና ባሕር ወረደ። ተሳዳቢ ሆነ፤ በእምነት የሚያፌዝ ሆነ፤ ይባስ ብሎ ሰው በሚሸጥበት በባሪያ ንግድ ውስጥ ገባ። ቢያዩት እናቱ በከንቱ የደከመች ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1748 በኃይለኛ ማዕበል መርከባቸው ልትሰጥም ስትል እግዚአብሔርን ጠራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቡ ወደ ጌታ ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላም ለጥቂት ዓመታት በባሪያ ንግዱ ቆይቷል፤ ሕይወቱ በአንድ ሌሊት አልተስተካከለም። ኋላ ግን የወንጌል አገልጋይ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1788 ያን ንግድ የሚያጋልጥና የሚቃወም ጽሑፍ አሳተመ። እናቱ በልጅነቱ ያስጠናችው ነገር ጌታ ዓይኑን በከፈተለት ጊዜ ብዙ እንደጠቀመው ራሱ መስክሯል። እናቲቱ ፍሬዋን ሳታይ ነው የሄደችው፤ የዘራችው ግን በቀለ።

ሁለተኛዋ ምስክር የአገራችን ልጅ ናት፤ አስቴር ጋኖ። ነፃ ሆና ተወልዳ ገና በልጅነቷ ለባርነት ተዳረገች። እ.ኤ.አ. በ1886 ባሕር ሊያሻግሯት ሲሉ የጣሊያን መርከብ አስጣላት፤ ምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። በዚያ አናሲሞስ ነሲብ፣ እርሱም በልጅነቱ ተሰርቆ የተሸጠ ሰው ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉም በቋንቋ ችሎታዋ ትልቅ ረዳት ሆነችው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ።

አሁን ልብ በዪልኝ። አስቴር 500 ያህል የሕዝቧን ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና እንቆቅልሾች ከትዝታዋ አውጥታ ሰበሰበች። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ ገቡ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችንም ወደ ኦሮምኛ ተርጉማለች። ከየት አመጣችው? ደብተር አልነበራትም፤ ቤትም ዘመድም አጠገቧ አልነበረም። ባሪያ ፈንጋይ ቤቷን ወሰደ፤ ነፃነቷን ወሰደ። በጆሮዋ ገብቶ በልቧ የተቀመጠውን ግን ሊወስድባት አልቻለም።

የሕዝብ ተረትና እንቆቅልሽ እንዲህ ከቆየ፣ የሕያው እግዚአብሔር ቃል እንዴት አብልጦ አይቆይ!

እንግዲህ ምን ላድርግ?

“እሺ፣ መጽሐፍ እንዴት ልምረጥ?” ትዪኝ ይሆናል። አራት ነገር ተመልከቺ።

አንደኛ፣ ታሪኩ ከመጽሐፍ ቅዱስሽ ጋር ይስማማል? ለልጅሽ ከማንበብሽ በፊት ያንኑ ታሪክ ከራሱ ከቃሉ አንብቢው። ብዙ የሥዕል መጻሕፍት ከምሥራቅ የመጡትን ሰብአ ሰገል ሦስት አድርገው ይሥላሉ፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 2 ግን ቁጥራቸውን አይናገርም። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ሥዕሉ የሚለውንና ቃሉ የሚለውን ለይተሽ ካሳየሽው፣ ልጅሽ የሁሉ መመዘኛ ቃሉ መሆኑን ከሕፃንነቱ ይማራል።

ሁለተኛ፣ በታሪኩ ውስጥ ትልቁ ማነው? የዳዊትና የጎልያድን ታሪክ አንብቦ “አንተም እንደ ዳዊት ጎበዝ ሁን” ብቻ የሚል መጽሐፍ አለ። ዳዊት ራሱ ግን ሰልፉ የእግዚአብሔር ነው ብሎ ነበር የወጣው (1ኛ ሳሙ. 17፥47)። ልጅሽ መጽሐፉ ሲዘጋ “እኔ ጎበዝ ነኝ” ብሎ ብቻ ሳይሆን “እግዚአብሔር ታላቅ ነው” ብሎ ይነሣ።

ሦስተኛ፣ ቋንቋው ይገባዋል? ቃሉ ከከበደው በቤታችሁ አነጋገር ቀይረሽ ንገሪው። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የምትኖሪ ከሆነ ደግሞ ልጅሽ የአንቺን ቋንቋ ከአንቺ በቀር የሚሰማበት ቦታ ጥቂት ነው። በልብሽ ቋንቋ አንብቢለት። ውሎውን በውጭ ቋንቋ ቢውልም፣ ጸሎትን በእናቱ ቋንቋ ይማር።

አራተኛ፣ ለልጅ እጅ የሚሆን ነው? አጭር፣ ሥዕል ያለው፣ ጠንከር ያለ ወረቀት ይሁን። ይነክሰዋል፤ ያኝከዋል፤ ይቀደዳል። ይቀደድ! ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ አዲስ ሆኖ ከሚኖር መጽሐፍ በልጅ እጅ ያረጀ ይሻላል። አንዳንዶቻችን መጽሐፉን በሕፃኑ ራስጌ፣ በትራሱ ሥር አኑረን “ይጠብቀዋል” እንላለን። እኅቴ፣ የሚጠብቀው እግዚአብሔር ነው። ወረቀቱ ክታብ አይደለም፤ ተገልጦ ሲነበብ ነው የሚጠቅመው።

አነባበቡም ቀላል ነው። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱን አትለዋውጪው፤ ከእራት በኋላ ወይም ከመኝታ በፊት ይሁን። መብራት ከጠፋም ሻማ አብርተሽ፣ ወይም በጨለማው በቃልሽ ተርኪለት። “ያንኑ ድገሚልኝ” ካለሽ አትሰልቺ፤ ሕፃን የሚማረው በድግግሞሽ ነው። በመጨረሻም ራሱን ጠይቂው፤ “ምን አየህ? ጌታ ምን አደረገ?” ከዚያ በሁለት ቃል አብራችሁ ጸልዩ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሕፃኑን ለማስተኛት “ጅብ መጣ!” እንደምንለው፣ እግዚአብሔርንም ማስፈራሪያ አናድርገው። ሲያጠፋ “ኢየሱስ አይወድህም” አትበዪው። ውሸት ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሕፃናትን ሲከለክሉ ጌታ ተቆጥቶ ሕፃናቱን አቀፋቸው እንጂ አላባረራቸውም (ማር. 10፥13-16)። ጥፋቱን ቅጪ፤ የጌታን ፍቅር ግን አትንሺው።

“እኔ እኮ አልችልም” ለምትዪ

“ጊዜ የለኝም” ትያለሽ። አውቃለሁ፤ የእናት ሥራ አያልቅም። ለዚህ ነው እግዚአብሔር ቃሉን በቤት ስንቀመጥ፣ በመንገድ ስንሄድ፣ ስንተኛና ስንነሣ ለልጆቻችን እንድንነግር ያዘዘው (ዘዳ. 6፥6-7)። እንጀራ ስትጋግሪም፣ ልብስ ስታጥቢም፣ ታክሲ ስትጠብቂም ይሆናል። ይህን ወረቀት የምታነብ አባትም ካለህ፣ ይህ ትእዛዝ ለአንተም ነው፤ በእናቲቱ ላይ ብቻ አትጫነው።

“ገንዘብ የለኝም” ትያለሽ። አንድ መጽሐፍ ለአራት ቤት ይበቃል። ከጎረቤት እናቶች ጋር በየሳምንቱ ተቀባበሉት። የቤተ ክርስቲያንሽን የሕፃናት አስተማሪ ጠይቂ፤ ታውስሽ ይሆናል።

“ልጄ ሩቅ ነው፤ እኔ በሰው አገር ነኝ” የምትዪ እኅቴ፣ እንባሽን ጌታ ያያል። ስልክሽ ላይ ታሪኩን በድምፅሽ ቅጂና ላኪለት። አያቱንም አበርቺ። የጢሞቴዎስ እምነት እኮ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ የነበረ ነው (2ኛ ጢሞ. 1፥5)።

“ፊደል አልቆጠርኩም” ትዪ ይሆናል፤ ይህን ሰው እያነበበልሽ ከሆነ ደግሞ ይህ ቃል ለአንቺ ነው። የእኔም እናት ፊደል አልቆጠረችም። የሥዕል መጽሐፍ ገልጣ ሥዕሉን በጣቷ እያሳየች በቃሏ ትነግረን ነበር፤ የተሳሳተች እንደሆነ ትልቋ እኅታችን አንብባ ታርማታለች። የጠፋውን በግ ታሪክ (ሉቃ. 15) ስትነግረን፣ ራሷ በልጅነቷ በግ ጠባቂ ስለነበረች፣ በጉ ገደል ሥር እንዴት እንደሚጮህ በድምፅዋ ታሰማናለች። እኔ ከዚያ ወዲህ ስለ ሉቃስ 15 ብዙ ተምሬአለሁ። የጠፋው በግ እኔ መሆኔን የነገረችኝ ግን እርስዋ ናት።

የሌለሽን መስጠት አትችዪም

በመጨረሻ ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገርሽ። ጳውሎስ ስለ ጢሞቴዎስ እናትና አያት ሲጽፍ ያነሣው እውቀታቸውን አይደለም፤ ግብዝነት የሌለበትን እምነታቸውን ነው። ሕፃን መጽሐፉን ብቻ አያይም፤ አንባቢዋን ያያል። ማታ ስለ ይቅርታ አንብበሽለት ጠዋት ከጎረቤትሽ ጋር ተኳርፈሽ ካየሽ፣ የሚያምነው ያየውን ነው። ከተቆጣሽና ያለ አግባብ ከመታሽው፣ ቁጭ በዪና “አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ” በዪው። ከአሥር መጽሐፍ ይልቅ ያን ቀን ወንጌል ይገባዋል።

ለመሆኑ አንቺ ራስሽ በዚህ ጌታ ታምኛለሽ? ለልጅሽ የምታነቢለት ኢየሱስ ለአንቺም ኃጢአት በመስቀል ሞቷል፤ ከሙታንም ተነሥቷል። ልጅሽን ወደ እርሱ ከማድረስሽ በፊት ራስሽ ነይ። እረኛው በጉን እንደተሸከመው አንቺንም ሊሸከምሽ የታመነ ነው። ከፈቀድሽ ከእኔ ጋር እንዲህ ብለሽ ጸልዪ፦

“ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ኃጢአተኛ ነኝ፤ ይቅር በለኝ። ለእኔ ሞተህ እንደተነሣህ አምናለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ጌታዬና አዳኜ ሁን። ይህን የሰጠኸኝን ልጅ በአንተ እጅ አኖራለሁ። እኔ በማልደርስበት ቦታ አንተ ድረስለት። ቃልህን በልቡ የምዘራበት ጊዜና ጉልበት ስጠኝ። በስምህ ለመንሁ፤ አሜን።”

ይህን ጸሎት ከልብሽ ከጸለይሽ በአቅራቢያሽ ወደሚገኝ የወንጌል አማኞች ኅብረት ሂጂና ንገሪያቸው። ይህንም ወረቀት አጣጥፈሽ አታስቀምጪው፤ ሕፃን ላቀፈች ሌላ እናት ስጪ።

ዛሬ ማታ ልጅሽ ሳይተኛ አንድ ታሪክ ንገሪው። የጭን ዘመን አጭር ነው።

ጌታ ይባርክሽ።